«እጄ ውስጥ እሳት አለ» ሲል እመኑት

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው፤ የገንደ ቆሬ ልጅ ነኝ። እናቴ 57 ዓመቷ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ማበጥ ጀምረው ስትመረመር «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ተባለች። በሳምንት አንድ ቀን የምትወስደው ሜቶትሬክሴት የሚባል ኪኒን አላት፤ ሲብስባት ፕሬድኒሶሎን ይጨመርላታል። ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነው ከተባለ ሁለት ዓመት ሆነው፤ በወር አንዴ መርፌ ይወጋል፣ ማታ ማታ ኪኒን ይውጣል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሚሰማው ድምፅ ቀንሶለታል። ነገር ግን ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ሲነሳ «እጄ አልታጠፍ አለኝ» ይላል። እንጀራ መቁረስ ስለሚያቅተው እኔ ነኝ የምቆርስለት። ክትትል ለሚያደርግለት ባለሙያ ብነግረው «ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው ሩማቶይድ አይዘውም፤ በጥናት የታወቀ ነው» ብሎ ሸኘን። ጎረቤት ደግሞ «የእናትየው በሽታ ነው ወደ ልጁ አእምሮ የወጣው» ይላል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንባዋ አልደረቀም፤ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሄዳም «በእኔ ነው ልጄ እንዲህ የሆነው» ስትል ነው የዋለችው። ሁለቱ በሽታዎች ይገናኛሉ? ወንድሜን እውነት አይዘውም? እኔስ? ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት ጫት ይቅማል፤ እሱንም ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል።

እህቱ ነኝ

መልስ

እህቴ፣ የድሬ ልጅ ነሽና አንቺ እያልኩሽ ልቀጥል። ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ እኔን ግን የያዘችኝ አንዷ ዓረፍተ ነገር ናት። የ24 ዓመት ወጣት እንጀራ መቁረስ አቅቶት እህቱ ትቆርስለታለች። ይህ ከጥናቱም፣ ከጎረቤት ወሬም የሚቀድም ነገር ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እጁ አልታጠፍ ያለው ሰው መገጣጠሚያው በእጅ ተዳስሶ መታየት አለበት። ምንም ዓይነት ሌላ በሽታ ቢኖርበት ይህ አይቀየርም።

ባለሙያው የነገረሽ ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ኒሰንና ስፔንሰር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል ውስጥ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለበት ሰው ለማግኘት እንደተቸገሩ ጻፉ። ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች ብዙዎች ይህንኑ ቆጠሩ፤ ውጤቱም በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኦከንና ሹልዘር የተባሉ ተመራማሪዎች የቀደሙትን ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስበው ሲያሰሉ፣ ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚገኘው ሩማቶይድ ሌላ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ላይ ከሚገኘው ወደ 29 በመቶው ብቻ ሆኖ አገኙት። ነገሩን የባሰ እንቆቅልሽ ያደረገው ሲጋራ ነው። ሲጋራ ለሩማቶይድ ከሚያጋልጡ ነገሮች በደንብ የታወቀው ነው፤ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያጨሳሉ። በዚህ ስሌት ቁርጥማቱ በእነሱ ላይ መብዛት ነበረበት እንጂ ማነስ አልነበረበትም።

ግን ልብ በይ፣ ቁጥሩ «ያነሰ ነው» ይላል እንጂ «የለም» አይልም። ሦስት መቶ ሰው ባለበት ቦታ ዝናብ የሚመታው ጥቂቱን ነው ቢባል፣ ልብሱ ርሶ ፊትሽ የቆመውን ሰው «አንተ አልረጠብክም» አትይውም። የብዙ ሰው ቁጥር ስለ አንድ ሰው እጅ አይመሰክርም፤ እጁ ራሱ ነው የሚመሰክረው።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው በ1999 የታተመ የዴንማርክ ጥናት የአገሪቱን የሆስፒታል መዝገብ ይዞ ሲቆጥር እዚያም ሩማቶይድ አንሶ ተገኘ። ነገር ግን በዕድሜና በጫና የሚመጣው ተራው የመገጣጠሚያ መበላት፣ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለውም አብሮ አንሶ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ጉልበትን ከመበላት የሚጠብቅበት አሳማኝ ምክንያት ያለ አይመስልም። እንግዲያው ጥርጣሬው ወደ ሌላ ዞረ፦ ቁርጥማቱ ስለሌለ ነው ያልተቆጠረው ወይስ ማንም ስላልጠየቃቸው? ሕመምተኞቹም ሕመማቸውን ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ሰሚ ብዙ አያገኙም።

እዚህ ላይ ከራሴ ሥራ ያየሁትን ልንገርሽ። ሐረር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ነርስ ነበርኩ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። ከወንድምሽ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ ወጣት በስኪዞፍሬኒያ ተኝቶ ነበር። «እጄ ውስጥ እሳት አለ» ይላል፤ ጠዋት ይላል፣ ማታ ይላል። ካርዱ ላይ «እጁ ውስጥ እሳት እንዳለ ያምናል» ተብሎ እንደ አእምሮው ሕመም ምልክት ተመዘገበ፤ የኪኒኑም መጠን ተጨመረ። እኔም ይህን እያነበብኩ ለቀናት ባጠገቡ አልፌያለሁ። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል የደም ግፊቱን ልለካ እጁን ያዝኩት። አንጓው ይፋጃል። ተጫንኩት፤ አጥንት ሳይሆን ሊጥ የነካሁ መሰለኝ። ሌላኛውን እጁን ያዝኩ፤ እሱም ያው ነው። «ጨብጥ እስኪ» አልኩት። ሰው ሲጨብጥ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር በሚጋጠሙባቸው መገጣጠሚያዎች መካከል ጎድጓዳ ሸለቆ ይታያል፤ የእሱ ግን ሞልቶ ደልድሎ ነበር። ያኔ ነው የሻይ ብርጭቆውን እንደ ሕፃን በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ ይጠጣ እንደነበር ትዝ ያለኝ። ሁላችንም በየቀኑ እናየው ነበር። ደሙ ተመረመረ፤ ሩማቶይድ ነበር። ልጁ ያልነበረ ነገር አላለም፤ የነበረውን ነገር በሚችለው ቃል ነበር የነገረን። እሳት አለ አለ፤ እሳት ነበር።

ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የአእምሮ ሕመም ስም አንዴ ካርድ ላይ ከተጻፈ የሌላውን ሕመም ፊት ይጋርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ያለዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድላቸውም የልብ፣ የስኳርና የኢንፌክሽን በሽታ ነው። ማለትም ሊታከም የሚችል ነገር።

አሁን ወደ ወንድምሽ እጅ እንመለስ፤ ምክንያቱም ሩማቶይድ ነው ብዬ መደምደም አልችልም። የሚወስደው መድኃኒትም ራሱ ሰውነትን ግትር ያደርጋል። ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ሆነ በወር የሚወጉት መርፌዎች ሰውነትን ሊያግዱ ይችላሉ፤ ሰውየው ሲራመድ እጁ አይወዛወዝም፣ እርምጃው ያጥራል፣ ፊቱ ስሜት አያሳይም፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህ ግትርነት ከትከሻ እስከ ጣት እጁን በሙሉ የሚይዝ ነው፤ እብጠትና ሙቀት የለውም፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው መርፌው ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ በኋላ ነው። መድኃኒት አለው፤ መጠኑን ማስተካከል ወይም አርቴን የሚባለውን ኪኒን መጨመር ይቻላል፤ ያም በሐኪሙ ነው። የሩማቶይዱ ግን ቦታ ይመርጣል። የእጅ አንጓን፣ ጣቶች ከመዳፍ የሚጋጠሙበትን፣ የጣቶችን መካከለኛ አንጓ ይይዛል፤ ጥፍር አጠገብ ያለውን የመጨረሻውን አንጓ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። በግራም በቀኝም ይመጣል። ጠዋት ይብሳል፤ እስኪፍታታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ሲሠሩበት እየቀለለ ይሄዳል። ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ዝም አይባልም። የወንድምሽ ሁለት ወር ሆኖታል። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊኖሩም ይችላሉ።

ይህን ለመለየት ቤታችሁ ውስጥ ከማናችንም የተሻለች ሰው አለች፤ እናትሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን በሽታ በገዛ እጇ ተሸክማዋለች። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ አጠገቡ ትቀመጥና እጁን ትያዘው። ጣቶቹ ከመዳፉ የሚጋጠሙበትን ቦታ ከጎንና ከጎን ይዛ ሰላምታ እንደምትሰጥ ቀስ ብላ ትጨብጠው። ያ ጭብጥ ካሳመመው፣ ከሞቀና ካበጠ ለሐኪም የሚነገር ትልቅ ነገር ነው። አስቀድማ ትጠይቀው፤ ሳይፈቅድ አትንካው። «በእኔ ነው» እያለች የምታለቅሰው እናት የልጇን ሕመም ቀድማ የምታውቅለት ሰው ብትሆን ለእሷም መድኃኒት ነው።

ለእናትሽ ስለ ጥፋተኝነቱ ይህን ንገሪያት። ቁርጥማት ከእጅ ተነሥቶ ወደ ልጅ አእምሮ አይወጣም። ሩማቶይድ ማለት የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ ሽፋን ሲያጠቃ ነው። ሁለቱን በሽታዎች በሩቁ የሚያገናኝ ቦታ ካለ በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው የመከላከያ ዘረ መሎች መንደር ነው። ለሩማቶይድ በጣም የታወቀው የዘር ምልክት እዚያ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሲ4 የሚባል የመከላከያ ፕሮቲን የሚሠራ ዘረ መል፣ እዚያው ሰፈር የሚገኝ፣ ለስኪዞፍሬኒያ ተጋላጭነት አስተዋጽኦ እንዳለው ታወቀ። ይህ ፕሮቲን በወጣትነት አንጎል ውስጥ የነርቭ መገናኛዎች ሲከረከሙ ሥራ አለው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት አንዱ ሌላውን ይወልዳል ማለት አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረ መል ጥናት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚጎትቱ ነው ያሳየው። ሩማቶይድ ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰውን ይይዛል፤ ስኪዞፍሬኒያ ከሦስት መቶ ሰው አንዱን። ሁለቱም ብርቅ አይደሉም፤ አንድ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው የማንንም ኃጢአት አይጠይቅም።

አንቺስ? እናት ወይም አባት፣ እህት ወይም ወንድም ሩማቶይድ ያለበት ሰው ተጋላጭነቱ ከሌላው ሰው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከትንሽ ቁጥር ተነሥቶ ሦስት እጥፍ ቢሆን አሁንም ትንሽ ነው፤ የአብዛኞቹ ሕመምተኞች ልጆች በሽታው አይዛቸውም። ሲጋራ አታጭሺ፤ ጣቶችሽ ጠዋት ማበጥ ከጀመሩ ዘጠኝ ወር አትጠብቂ። ከዚህ ያለፈ ጭንቀት አትሸከሚ።

መድኃኒቱ ላይ ግን ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ሁለት ታማሚ ያለበት ቤት አንድ የመድኃኒት ሣጥን በጋራ ሲጠቀም ያሰጋኛል። የእናትሽ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው። በስህተት በየቀኑ የተዋጠ እንደሆነ መቅኔን ያደርቃል፣ አፍን ያቆስላል፣ ይገድላል። ቀኑን በትልቁ ጻፊበት፤ ሐሙስ ከሆነ «ሐሙስ» ብለሽ ካርቶኑ ላይ ጻፊ፤ ወንድምሽ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። እጁን ስላመመው «የእማዬን ልሞክረው» ቢል አትፍቀጂ። ፕሬድኒሶሎኑም እንዲሁ። ሰፈር ውስጥ ለቁርጥማት ያለ ማዘዣ ሲዋጥና በመርፌ ሲሰጥ ስላየሽ ቀላል አይምሰልሽ፤ ይህ መድኃኒት ራሱ አእምሮን ሊያናውጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ የቦስተን ጥናት በቀን 40 ሚሊግራምና ከዚያ በታች ከወሰዱት 1.3 በመቶ፣ ከ80 በላይ ከወሰዱት ደግሞ 18.4 በመቶ የአእምሮ ችግር እንደታየባቸው ቆጥሯል። ይህ የአእምሮ ሕመም በሌላቸውም ሰዎች ላይ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ነገ ሩማቶይድ ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ቢታዘዝለት፣ የአእምሮ ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀምር። ያስፈልገው ይሆናል፤ ግን እንቅልፉን ካጣ፣ ንግግሩ ከበዛ፣ የሚሰማው ድምፅ ከተመለሰ ማን ጋ እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው የሩማቶይድ መድኃኒት ቢታዘዝም የልብን ምት ሊነካ ስለሚችል፣ ከሃሎፔሪዶል ጋር ሲሆን ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ መነሳት ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቂ። እናትሽ ደግሞ ብዙ የወሰደችውን ፕሬድኒሶሎን በድንገት አታቋርጥ፤ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው።

ጫቱን ያነሳሽው በመጨረሻ ነው፤ እኔ ግን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። አወዳይ ደጃችን ናት፣ በርጫውም የድሬ ከሰዓት ነው፤ ልጁን ከጓደኞቹ ነጥለሽ ቤት ልትቆልፊው አትችይም። ነገሩ እንዲህ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ያስረጫል። ወንድምሽ የሚወጋው መርፌ ደግሞ ሥራው የዶፓሚንን መንገድ መዝጋት ነው። አንዱ የዘጋውን ሌላው ሊከፍት ይታገላል፤ ምርቃናው ሲበርድም እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። ከበርጫው ጋር ሲጋራ ካለ ደግሞ መገጣጠሚያውንም ይጎዳል፤ እንደ ኦላንዛፒን ያለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ጢሱ የመድኃኒቱን መጠን በደሙ ውስጥ ይቀንሰዋል። ቁጣ አይሠራም፤ አይቼዋለሁ። የሚሠራው መደራደር ነው፦ መጀመሪያ ቀኑን መቀነስ፣ ከዚያ መጠኑን፣ መርፌ በተወጋበት ሳምንት ጭራሽ አለመያዝ። ምን ያህል እንደሚቅም ለሐኪሙ እውነቱን ይንገር። ሐኪሙ ሳያውቅ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መጠን ቢጨምርበት የሰውነቱ ግትርነትም አብሮ ይጨምራል።

ቁልቢም ሆነ ጸበል ሂዱ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ኪኒኑ ግን አብሯችሁ በቦርሳ ይሂድ፣ የመርፌው ቀንም አይለፍ።

አሁን የት እንደምትሄጂ። ወንድምሽ ከአእምሮ ክትትሉ በተጨማሪ የውስጥ ደዌ ሐኪም ያስፈልገዋል። ድሬ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል አለላችሁ፤ ሪፈር ከተጻፈላችሁ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ቅርብ ነው። የሁለቱንም በሽታ ካርድና የመድኃኒት ስሞች በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለውን የደም ምርመራ፣ ከተገኘም አንቲ ሲሲፒ የሚባለውን ሌላ የሩማቶይድ የደም ምርመራ፣ ብግነትን የሚያሳየውን ኢኤስአርንም ጠይቂ። ደሙ ነጻ ቢሆንም እጁ ካበጠ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ሩማቶይድ ኖሮባቸው ደማቸው ነጻ የሚወጣ ሰዎች አሉ። አጥንቱ መበላት ሳይጀምር በመጀመሪያዎቹ ወራት መታከም በኋላ ከሚደረገው ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ለዚህ ነው የማጣድፍሽ።

እንደገና «አይዘውም» ያለሽ ሰው ካጋጠመሽ አትከራከሪ፤ ጥናቱንም አትጥቀሺ። «እሺ፣ ግን እጁን ይዳስሱልኝ» በይ፤ እስኪዳስሱት ድረስም ከወንበርሽ አትነሺ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዛችሁ እስክትገቡ ረፋድ ይሆናል፤ የድሬ ሙቀትም ያፍታታዋል፣ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ሐኪሙ ደህና እጅ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ከነገ ጀምረሽ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ወንድምሽ ከተስማማ፣ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ አንድ ጊዜ ተዘርግተው፣ አንድ ጊዜ ሲጨብጥ። የእናትሽንም እጅ አጠገቡ ብታስቀምጪ አይከፋም። ለሰባት ቀን አንሺና ሰኞ ይዘሽው ሂጂ።